ሻኛውና ድንጋዩ፤ የኬዳርናት ተሳላሚዎችና የአፈ ታሪክ አወላለድ

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በሥነ ቃል ትምህርት ክፍለ ጊዜ የቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ስለ አፈ ታሪክ ባሕርያት ሳስረዳ፣ እንደተለመደው፣ አፈ ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ በቃል ሲተላለፍ የመጣ፣ ተራኪውም አድማጩም እንደ እውነት የሚቀበሉት፣ ከአንድ ቦታ ወይም ከአንድ ሰው ጋር የተያያዘ ትረካ ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ የመጀመሪያው ትውልድ ሲናገረው ምን ይባላል?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋትም።

ጥያቄው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ዊልያም ባስኮም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው የታወቀ ጽሑፉ የቃል ትረካዎችን በሦስት ሲከፍል፣ ሐተታ ተፈጥሮን ከሩቁ ጥንተ ዘመን፣ አፈ ታሪክን ደግሞ ከቅርቡ ጊዜና ዛሬ ከምናውቃት ዓለም ጋር አያይዟል። «ቅርብ» ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ግን በዓመት አልለካውም። እኛ በበኩላችን ስናስተምር የምንጠቅሳቸው ምሳሌዎች ሁልጊዜ ዕድሜ ጠገብ ስለሆኑ፣ ተማሪው አፈ ታሪክን የሚወለድ ነገር ሳይሆን ተወልዶ፣ አድጎ፣ አርጅቶ የተገኘ ነገር አድርጎ ያየዋል። አወላለዱን ለማሳየት የልደቱ ቀን የሚታወቅ፣ ያውም ከአሮጌው ትረካ ጎን በአንድ ስፍራ ቆሞ የሚገኝ ምሳሌ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ምሳሌ ያገኘሁት በሰሜን ህንድ፣ በሂማላያ ተራሮች ውስጥ ከሚገኘው ከኬዳርናት ቤተ መቅደስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ የሂንዱ ምእመናን ወደዚህ ተራራ የሚያደርጉትን ጉዞ ምንነት በአጭሩ አስረዳለሁ። ቀጥዬ ጉዞው የቆመበትን ጥንታዊ ትረካ፣ ከዚያም በ2005 ዓ.ም. ከደረሰው የጎርፍ አደጋ የተወለዱትን ሁለት አዳዲስ ትረካዎች እመለከታለሁ። ስፍራውን የማውቀው በጽሑፍና በምስል እንጂ ሄጄ አይቼው እንዳልሆነ አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

2. መልካና መንገድ

በሳንስክሪት ቋንቋ የተቀደሰ ስፍራ «ቲርታ» ይባላል። የቃሉ ሥር «ተሻገረ» የሚል ፍች ያለው ሲሆን፣ ቲርታ በጥሬው ሲፈታ ወንዝ በእግር የሚሻገሩበት ቦታ፣ በእኛ አነጋገር «መልካ» ማለት ነው። ጉዞው ደግሞ «ያትራ» ይባላል። ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ «መንፈሳዊ ጉዞ» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ ብዙዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በዚህ ትርጉም ውስጥ ግን መልካው ይጠፋል። ተሳላሚው የሚሄደው ወደ መድረሻ ሳይሆን ወደ መሻገሪያ ነው፤ ስፍራው የሚከበረው ማዶው ቅርብ ስለሆነበት ነው።

በ18 መጻሕፍት የተከፈለው ታላቁ ገድለ ጀግና ማሃባራታ በሦስተኛው መጽሐፉ የቲርታዎችን ረጅም ዝርዝር ይዟል። በዚያ የሚቀርበው ክርክር እጅግ ያስደንቀኛል። በብዙ ሀብት፣ በብዙ ዕቃና በብዙ አገልጋይ የሚፈጸመው ታላቅ የመሥዋዕት ሥርዓት የነገሥታትና የባለጸጎች ነው፤ ድኻ አይደርስበትም። ነገር ግን ድኻው ተነሥቶ ወደ ቲርታ ቢሄድ ከዚያ የሚበልጥ ዋጋ ያገኛል ይላል። እንግዲህ ያትራ በመነሻው እግር እንጂ ሌላ ሀብት የሌለው ሰው መሥዋዕት ነው ማለት ነው።

የየስፍራውን ክብር የሚያወሳ «ማሃትምያ» የሚባል ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘውግም አለ። ማሃትምያ ቦታው እንዴት እንደተቀደሰ ይተርካል፤ ቀጥሎም «የመስማት ፍሬ» የሚል ፍች ባለው ክፍሉ ታሪኩን ያነበበ፣ የሰማ፣ ወደ ስፍራውም የሄደ ሰው ምን እንደሚያገኝ ይዘረዝራል። የግእዝ ገድላትን ያጠና ሰው ገድሉን ያነበበውን፣ የሰማውንና ያጻፈውን የሚመለከተውን የቃል ኪዳን ክፍል ማስታወሱ አይቀርም። ይህን ስል አንዱ ከሌላው ተቀዳ ማለቴ አይደለም። ቦታን ወይም ቅዱስን በጽሑፍ የሚያከብር ባህል ለሰሚው አንድ ነገር ቃል ሳይገባለት የሚያልፍ አይመስለኝም፤ መመሳሰሉን ከዚህ በላይ ልለጥጠው አልሻም።

ኬዳርናት የሚገኘው በኡታራካንድ ግዛት፣ ጋርዋል በተባለው ተራራማ አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,580 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በማንዳኪኒ ወንዝ ራስጌ ነው። ከያሙኖትሪ፣ ከጋንጎትሪና ከባድሪናት ጋር «አራቱ መኖሪያዎች» ተብሎ ይቆጠራል፤ አራቱንም የሚሳለም ሰው በልማድ ከምዕራብ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። መኪና የሚደርሰው እስከ ጋውሪኩንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበት ከጎርፉ በፊት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ጎርፉ አሮጌውን መንገድ ስለበላውና አዲሱ በሌላው የወንዝ ዳር ስለወጣ 16 ያህል ሆኗል። ጉልበት ያለው በእግሩ፣ ያልቻለው በበቅሎ፣ ሽማግሌው በአራት ሰው ትከሻ በሚያዝ ወንበር፣ ወይም አንድ ተሸካሚ በጀርባው በሚያዝለው ቅርጫት ተቀምጦ ይወጣል። ገንዘብ ያለው በሄሊኮፕተር በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። ማሃባራታ ለድኻው የሰጠውን ብልጫ ሄሊኮፕተሩ ወስዶበት ይሆን እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ።

ቤተ መቅደሱ የሚከፈተው በሚያዝያ አጋማሽ ወይም በግንቦት መባቻ ነው፤ በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ ይዘጋል። በበረዶው ወራት የአምላኩ ምስል በሸክም ወርዶ ኡኪማት በምትባል ከተማ ይከርማል፤ አምልኮውም በዚያ ይቀጥላል። አንድ ነገር ልጨምር። የኬዳርናት ሊቀ ካህን የሚመጣው ከተራራው አገር ሳይሆን ከደቡብ ህንድ፣ ከካርናታካ ነው። የባድሪናቱም እንዲሁ ከኬራላ ነው። ቋንቋውም ምግቡም አየሩም የተለየበት ሰው መጥቶ የበረዶውን አምላክ ያገለግላል።

3. ሻኛው

ተሳላሚው ይህን ሁሉ ደክሞ ሲደርስ የሚያየው ሐውልት አይደለም፤ በሰው እጅ ያልተጠረበ፣ ወደ ላይ ሾጠጥ ያለ አለት ነው። አለቱ የሺቫ ምልክት ነው። ስለዚህ አለት የሚተረከው እንደሚከተለው ነው።

አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች በኩሩክሼትራ ሜዳ 18 ቀን ተዋግተው ድል አደረጉ። የገደሏቸው ግን የአጎታቸውን ልጆች፣ አያታቸውንና የጦር ትምህርት ያስተማሯቸውን መምህር ነበር። የደም ዕዳ ያዛቸው። ሺቫ ይቅር እንዲላቸው ፍለጋ ወጡ፤ ሺቫ ግን ሊያያቸው አልፈለገምና ሸሸ። ቅድስት ከተማው ከሆነችው ከካሺ ወጥቶ በተራሮቹ መካከል ተሸሸገ፤ የተሸሸገበት ስፍራ «ስውሯ ካሺ» የሚል ፍች ባለው ስም ጉፕትካሺ ተብሎ እስከ ዛሬ በመንገዱ ላይ ይገኛል። ሲከተሉት ኮርማ ሆኖ ከከብት መንጋ ጋር ተቀላቀለ። ከወንድማማቾቹ ኃይለኛው ቢማ አንድ እግሩን ባንዱ ተራራ፣ ሌላውን እግሩን በሌላው ተራራ አንፈራጦ ቆመ፤ ከብቱም ሁሉ በእግሮቹ መካከል አለፈ። አንድ ኮርማ ብቻ አላልፍም አለ። ቢማ ዐወቀው። ኮርማው ወደ መሬት መስጠም ሲጀምር ተወርውሮ ሻኛውን ያዘ። አካሉ ሰጠመ፤ ሻኛው በቢማ እጅ ቀረ። ኬዳርናት ላይ የሚታየው አለት ያ ሻኛ ነው። የቀረው አካል በሌሎች ተራሮች ላይ ብቅ አለ፦ ክንዶቹ በቱንግናት፣ ፊቱ በሩድራናት፣ እምብርቱ በማድያማሄሽዋር፣ ጠጉሩ በካልፔሽዋር። ራሱ ኔፓል ውስጥ በፓሹፓቲናት ወጣ የሚሉም አሉ።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ከአውሮፓዊው አንባቢ የተሻለ ዕድል አለው። የህንድ ኮርማ እንደ እኛ ኮርማ ሻኛ ያለው ነው። ተሳላሚዎች በአለቱ ላይ ንጥር ቅቤ ሲቀቡ በሌላ ቋንቋ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ለእኛ በዐይን የሚታይ ነው።

ይህ ትረካ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። አንደኛ፣ ተራርቀው የሚገኙ አምስት ተራሮችን አንድ አካል ያደርጋቸዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው የተበተነውን አካል በእግሩ ይሰበስባል። ሁለተኛ፣ ታላቁን የሜዳ ጦርነት ከተራራው አገር ጋር ያስተሳስራል። ሦስተኛውን ግን ብዙ ጸሐፊዎች ሲያልፉት አያለሁ። ተሳላሚው ከፍ ባለው ስፍራ የሚዳስሰው የአምላኩን ፊት አይደለም፤ ከነፍሰ ገዳዮች ሲሸሽ በጀርባው በኩል የተያዘ አምላክ ሻኛ ነው። ይቅርታው ተገኝቷል፤ ነገር ግን በግድ የተያዘ፣ ከኋላ የተያዘ ይቅርታ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የትረካው ጥልቀት ያለው እዚህ ላይ ነው። የወገን ደም ያፈሰሰ ሰው ይቅርታን ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ይቅር ባዩም ቢሆን ፊቱን ለመስጠት አይቸኩልም።

ልብ ሊባል የሚገባው ይህ የኮርማው ታሪክ ማሃባራታ ውስጥ አለመኖሩ ነው። በ17ኛው መጽሐፍ ወንድማማቾቹና ሚስታቸው ድራውፓዲ መንግሥታቸውን ትተው ወደ ሂማላያ ይወጣሉ፤ አንድ ውሻም ይከተላቸዋል። በመጀመሪያ ድራውፓዲ፣ ቀጥሎ ሳሃዴቫ፣ ናኩላ፣ አርጁና፣ በመጨረሻም ቢማ በመንገድ ወድቀው ይቀራሉ። ቢማ ሲወድቅ ታላቅ ወንድሙ ዩዲሽቲራ የሚነግረው ምክንያት ሆዳምነቱንና በጉልበቱ መመካቱን ነው። ከውሻው ጋር የሚዘልቀው ዩዲሽቲራ ብቻ ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ተራራውን የሞት መንገድ ሲያደርገው፣ ጋርዋሎች የይቅርታ ቦታ አድርገውታል። መጽሐፉ የነቀፈውን የቢማን ጉልበትም አምላክን ለመያዝ የበቃ ጉልበት አድርገውታል። ይህን ለማድረግ መብት ያላቸው ይመስላል። ዊልያም ሳክስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የጋርዋል መንደርተኞች የፓንዳቫዎችን ታሪክ በክረምት በጭፈራና በትወና ያቀርባሉ፤ ራሳቸውንም የፓንዳቫዎች ዘሮች አድርገው ይቆጥራሉ። ለእነርሱ ማሃባራታ የቤተ ሰብ ታሪክ ነው።

4. ጎርፉ

ሰኔ 9 እና 10 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 16 እና 17 ቀን 2013) በኡታራካንድ ያልተለመደ ከባድ ዝናብ ጣለ። ወቅቱ ተሳላሚ የሚበዛበት ነበር። ሰኔ 9 ቀን ምሽት የመጀመሪያው ጎርፍ ኬዳርናትን መታ። በማግሥቱ ጧት ከመንደሩ በላይ በግግር በረዶ ጥርጊያ ታግዶ የነበረው የቾራባሪ ሐይቅ ግድቡን ጥሶ ወረደ። ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1948 የማሃትማ ጋንዲ አመድ ከፊሉ ስለተበተነበት የጋንዲ ሐይቅም ይባላል። ውሃው፣ ጭቃውና ቋጥኙ አንድ ላይ ወርደው በቤተ መቅደሱ ዙሪያ የነበሩትን ማረፊያ ቤቶችና ሱቆች ጠረጉ፤ በመንገዱ አጋማሽ የነበረችው ራምባራ የተባለች መንደር ከነአካቴው ጠፋች። በግዛቱ በጠቅላላ ከ5,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም የት እንደደረሱ አልታወቀም።

ቤተ መቅደሱ ግን አልወደቀም። ውሃው ሲጎድል ከቤተ መቅደሱ ጀርባ አንድ ግዙፍ ቋጥኝ ተቀምጦ ተገኘ። ቋጥኙ ከላይ ተንከባሎ መጥቶ እዚያ በመቆሙ ጎርፉን ለሁለት ከፍሎ በግራና በቀኝ አሳልፎት ነበር። አምልኮው የተጀመረው በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን ሲሆን፣ ዕለቱ በእኛ የ2006 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ነበር።

5. ሁለት አዳዲስ ትረካዎች

ቋጥኙ «ቢም ሺላ» ተባለ። ሺላ ድንጋይ ነው። ቢም ግን ሁለት ነገር ነው፦ በአንድ በኩል የጀግናው የቢማ ስም ነው፤ በሌላ በኩል ቃሉ በሳንስክሪት «አስፈሪ፣ ኃያል» ማለት ሲሆን፣ በሂንዲም ለግዙፍ ነገር ይነገራል። ስለዚህ ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ሰው «ትልቁ ድንጋይ» ብሎ ይሆናል፤ የሰማው ግን «የቢማ ድንጋይ» ብሎ ሊሰማው ይችላል። አንድ ቅጽል ወደ ተጸውኦ ስም ለመሻገር የሚያስፈልገው የሰሚው ጆሮ ብቻ ነበር፤ ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ታሪኩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሰጥሞ የሚሄደውን ኮርማ በሻኛው የያዘው ቢማ አሁን ደግሞ ከኮርማው በስተጀርባ ቆሞ የሚመጣውን ውሃ ያዘለት። አዲሱ ትረካ የተሠራው በአሮጌው ትረካ መዋቅር ነው፦ ያው ጀግና፣ ያው ድርጊት፣ ያው ቦታ። ዛሬ ተሳላሚዎች ቤተ መቅደሱን ተሳልመው ሲወጡ ወደ ድንጋዩም ሄደው እጅ ይነሳሉ።

ሁለተኛው ትረካ የተወለደው በዚያው ዕለት፣ ከዚያ ወደ ታች፣ በአላክናንዳ ወንዝ ዳር ነው። ዳሪ ዴቪ የአራቱ መኖሪያዎች ጠባቂ ናት የምትባል አምላኪት ናት። ምስሏ በቀኑ ውስጥ ከልጃገረድነት ወደ ሙሉ ሴትነት፣ ከዚያም ወደ አሮጊትነት ይለወጣል ተብሎ ይታመናል። ለኤሌክትሪክ ኃይል በተሠራ ግድብ ምክንያት ስፍራዋ በውሃ የሚዋጥ ስለነበር፣ ብዙ ሰው እየተቃወመ፣ ምስሏ ሰኔ 9 ቀን ምሽት ከቦታዋ ተነሣች። ጎርፉ የመጣው በዚያው ሌሊት ነው። የሚከተለውን አንባቢ ራሱ ይገምተዋል፦ አምላኪቱ ተቆጣች። ምስሏ ወደ ቀድሞ ቦታዋ፣ ከውሃው በላይ ወደተሠራላት አዲስ ቤት፣ የገባችው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው።

ሁለቱ ትረካዎች የአንድ ቀን ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የድንጋዩ ትረካ «ምን ተረፈ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ የአምላኪቱ ትረካ «ማን ነው ጥፋተኛው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ማንንም አያስቀይምም፤ ስለዚህም በቀላሉ ተሰራጨ። ሁለተኛው ግን ግድቡን ይከሳል። ሊንዳ ዴግ አፈ ታሪክን በእውነትና በእምነት ላይ የሚካሄድ ክርክር አድርጋ ታየዋለች፤ የዳሪ ዴቪ ጉዳይ ለዚህ አመለካከት ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል። ክርክሩ በአምላኪቱ አማኞች መካከልም ብቻ አልቀረም። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2005 ዓ.ም. በግዛቱ ለአዳዲስ የውሃ ኃይል ግድቦች ፈቃድ እንዳይሰጥ አግዶ ጉዳዩ በባለሙያዎች እንዲጠና አዘዘ፤ በ2006 ዓ.ም. የቀረበው ጥናትም ግድቦቹ ጉዳቱን እንዳባባሱ ገልጿል። ምሁራኑ ስለ ደለል፣ ስለ ፍርስራሽና ስለ ወንዝ አካሄድ የጻፉትን የወንዙ ዳር ሰዎች ስለ አምላኪቱ ቁጣ በመናገር ገልጸውት ነበር። አንዱን «ሳይንስ»፣ ሌላውን «ተረት» ብሎ ለይቶ መተው ለእኛ ሙያ አይበጅም፤ የቀረበው ክስ አንድ ነውና። የዳሪ ዴቪ ትረካ ዝናቡን የጣለውን ምክንያት አይነግረንም፤ ነዋሪው ማንን ተጠያቂ እንዳደረገ ግን ከየትኛውም ሰነድ ቀድሞ ይነግረናል።

6. ያልተተረከው

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። የመጀመሪያው ትውልድ የሚናገረው ምንድን ነው? ከኬዳርናት የምረዳው፣ መጀመሪያ የሚነገረው ምስክርነት መሆኑን ነው፤ «አየሁት» የሚል ሰው አለበት። ምስክርነቱ አፈ ታሪክ የሚሆነው ዓመታት ስለተቆጠሩ ሳይሆን፣ የሚናገረው ሰው ያላየው ሲሆንና ትረካው ከነባሩ ጋር ሲገጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰው ኬዳርናትን ተሳልሟል። ከእነዚህ ውስጥ በጎርፉ ቀን እዚያ የነበረ ከቶ ስንት ይሆን? ቢም ሺላን የሚያውቁት ከሰው ሰምተው ነው፤ ሲመለሱም ላልሄደው ይተርካሉ። ለዚህ ትውልድ መቆጠር አላስፈለገም፤ ዐሥር ዓመት በቅቷል።

ነገር ግን ከነባሩ ትረካ ጋር የማይገጥመው ምስክርነት የት ይሄዳል? ከኡኪማት አካባቢ ዴኦሊ ብሃኒግራም የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ወንዶች በጉዞው ወራት ወደ ኬዳርናት ወጥተው ለተሳላሚዎች በክህነትና በልዩ ልዩ ሥራ ያገለግሉ ነበር። ልጆችም ትምህርት ሲዘጋ አባቶቻቸውን ተከትለው ይወጡ ነበር። ከጎርፉ በኋላ መንደሩ በአገሩ ጋዜጦች «የመበለቶች መንደር» ተብሎ ታወቀ። በድንጋዩ ትረካ ውስጥ እነዚህ ሰዎች የሉም፤ ድንጋዩ ቤተ መቅደሱን ሲጠብቅ እነርሱ ከድንጋዩ በግራና በቀኝ ባለፈው ውሃ ውስጥ ነበሩ። በአምላኪቱ ትረካም ውስጥ ቢሆን ቦታ የላቸውም፤ ግድቡን የሠሩትም ምስሏን ያነሡትም እነርሱ አልነበሩምና ቁጣው ለምን በእነርሱ ላይ እንደወረደ ትረካው ሊናገር አይችልም።

ተማሪዎቼ የመስክ ሥራ ሲወጡ የሚይዙት መጠይቅ «ስለዚህ ቦታ ምን ይባላል?» በሚል ጥያቄ ይጀምራል። ይህን ጥያቄ ይዞ ኬዳርናት የሚደርስ ተማሪ ሻኛውንና ድንጋዩን መዝግቦ ይመለሳል። ዴኦሊ ብሃኒግራም ላይ ግን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት መጠይቁ አይነግረውም። ባለፈው ዓመት አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ «በዚህ ቦታ የሞተው ማን ነው?»